የቤት መኪና ኢንስታሌሽንና የኮረንቲ ብልሽቱ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ቁልቁለት

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከሚታዩት የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ ወደ አገር ከመግባታቸው በፊት በውጭ ሌላ ባለቤት ያገለገሉ፣ ከገቡም በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ በመሆናቸው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። አንዱ ባለቤት አላርም አስገጥሟል፣ ሌላው ቴፕና አምፕሊፋየር ጨምሯል፣ ሦስተኛው የተቃጠለ ሶኬት አስቆርጦ ሽቦውን በቀጥታ አስቀጥሏል፤ ይህን ሁሉ የመዘገበ ወረቀት ግን ከመኪናው ጋር አይሸጥም። በጋራዥ ኢንስታሌሽን የሚባለው፣ ማለትም በመኪናው አካል ውስጥ ተጠቅልለው የሚያልፉት ሽቦዎች ከነሶኬታቸው፣ ከነፊውዛቸውና ከነማብሪያቸው፣ ችግር ባጋጠመው ቁጥር የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ሞተ?» የሚል ሲሆን፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ባትሪ ወይም ያገለገለ ዲናሞ መግዛት ይሆናል። የዚህ ዳሰሳ አቋም ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል የሚል ነው፤ በአሮጌ የቤት መኪና ውስጥ ከዕቃው ይልቅ ቀድሞ የሚደክመው ዕቃውን ከሽቦው፣ ሽቦውንም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ ነውና፣ መጋጠሚያውም ኮረንቲ እያለፈበት ካልተለካ በቀር ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ጉዳዩን ለመመርመር የባቲ መስመር ምቹ ነው። ከተማዋ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራት፣ በስተምሥራቅ መንገዱ የሚያበቃባት ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዞኑ መቀመጫ ከከሚሴ የሚነሣ መኪናም በአስፋልት ባቲ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ኮምቦልቻ መውጣት፣ ከዚያም ጠመዝማዛውን ቁልቁለት መውረድ አለበት። መንገዱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ጋር ለማገናኘት የሠሩት ሲሆን፣ አሰብ በ1990 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከተዘጋ ወዲህ የሰሜኑን ክፍል ከጅቡቲ መስመር ጋር ሲያያይዝ ኖሯል። የሰኞው የባቲ ገበያ ከአገሪቱ ትላልቅ ክፍት ገበያዎች አንዱ ነውና፣ በሌላው ቀን ቤተሰብ የምታመላልስ ኮሮላ በሰኞ ዕለት ኋላዋ እስኪዘቅጥ የምትጫንበት ጊዜ አለ። አቧራ፣ ሙቀት፣ ንዝረትና የከፍታ መለዋወጥ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ተደራርበው የሚገኙበት እንዲህ ያለ መስመር፣ በአዲስ አበባ በዓመታት የሚወጣውን ድካም በወራት ያወጣዋል።

የመኪና ኮረንቲ ታሪክ እዚህ ላይ ባጭሩ ቢነገር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሞተራቸው በእጅ መዘውር ይነሣ ስለነበር ከኮረንቲ የሚሹት የካንዴላ ብልጭታ ብቻ ነበር፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የነደፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ ላይ ከተገጠመ በኋላ ግን ትልቅ ባትሪና ወፍራም ኬብል የግድ ሆኑ። ለረጅም ዘመን 6 ቮልት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ሲዛወር፣ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ያገለገለችው ቮልስ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በ6 ቮልት ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተር አስገባ፤ ይህም ተለዋዋጭ ኮረንቲ አመንጭቶ በዳዮዶች፣ ማለትም ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ትናንሽ ዕቃዎች አማካይነት ቀጥተኛ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የጋራዥ ሰው አልተርኔተሩን ዛሬም ዲናሞ ይለዋልና ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም ይጠራል።

በ12 ቮልቱ አሠራር ኮረንቲ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ተነሥቶ በሽቦ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን የራሱ ሽቦ የለውም፤ የመኪናውን ብረት ተከትሎ ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ይገባል። ይህ የመመለሻ መንገድ ማሳ ይባላል። አሠራሩ ለፋብሪካው ሽቦ ይቆጥብለታል፤ ለጠጋኙ ግን የመስመሩን ግማሽ ከዓይን ይሰውርበታል። ሞተሩ በላስቲክ ትራሶች ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አንድ ወይም ሁለት የተጠለፈ የመዳብ ማሰሪያ ብቻ ሲሆን፣ ሞተር በወረደ ቁጥር ይህ ማሰሪያ ይፈታል፤ ሞተሩ ሲመለስ ደግሞ ተረስቶ የሚቀርበት ወይም ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የሚታሰርበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሹ ሞተር፣ የሚጠጣው ከፍተኛ ኮረንቲ ሌላ መመለሻ ይፈልጋልና በቤንዚን መስጫው ወይም በፍሪሲዮኑ ካቦ በኩል ያልፋል፤ ካቦው በምን ምክንያት እንደነደደና እንደተጣበቀ የሚመራመር መካኒክም ችግሩን በኮረንቲ በኩል ለመፈለግ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።

ስለ ብልሽቱ ምንጭ የሚሰሙት አስተያየቶች የተለያዩ ናቸው፤ ገሚሱ ሰው የአየር ጠባዩን፣ ገሚሱ የመኪናውን ዕድሜ፣ ሌላው በኋላ የተጨመሩ ዕቃዎችን፣ አንዳንዱም የጠጋኙን እጅ ይወቅሳል። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ክብደታቸው ግን አይተካከልም።

የአየር ጠባዩ ክስ በባቲ መስመር ላይ ቀላል አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ መሠረታዊ ኬሚስትሪው እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ሙቀት ሲጨምር በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች በፍጥነት ይበላሉ፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት ባትሪው የሚኖርበት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል የሚል ሲሆን፣ በአፋር ቆላ በሞቃቱ ወራት የውጭው አየር ብቻውን ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ በኮፈኑ ሥር ያለውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በደጋ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በቆላ በሁለት ዓመት ቢደክም አያስገርምም። በዚህ ላይ ውሃው በጎደለ ጊዜ አሲድ የሚጨምሩ አሉ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ መሞላት ያለበት በዲስቲልድ ውሃ ነው፤ አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ለጥቂት ቀናት የበረታ መስሎ ሰሌዳዎቹን ይጨርሳል። ይሁንና ሙቀት ባትሪን ቀስ በቀስ ያደክማል እንጂ ትናንት በአንድ ጊዜ የተነሣን መኪና ዛሬ ጥዋት ጭራሽ ዝም አያሰኝም። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹን ብቻ ይዟል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ቴስተሩ፣ ማለትም የቮልትና የአምፔር መለኪያው፣ 12.6 እያሳየ፣ ባትሪውም በጭነት ተፈትኖ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ የሚቀር ከሆነ፣ ጥፋቱ በመንገዱ ላይ ነው።

የዚህን መንገድ ፍተሻ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ የኢንስታሌሽን ነገር በሙሉ በዚህ አንድ ልኬት ውስጥ ተጨምቆ ይገኛልና። ቴስተሩ በቀጥተኛ ቮልት መለኪያ ላይ ይደረጋል፤ አንዱ ጫፉ በባትሪው አሉታዊ ምሰሶ ላይ፣ በመቆንጠጫው ላይ ሳይሆን በእርሳሱ ምሰሶ በራሱ ላይ፣ ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ ደግሞ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ። ቁልፉ ሳይከፈት ንባቡ ዜሮ ነው። ረዳቱ ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖው እንዲጎትት ባደረገ ጊዜ ግን ቁጥሩ ይነሣል። እስከ 0.2 ቮልት ከሆነ መንገዱ ደኅና ነው፤ 1.5 ቮልት ከሆነ ከባትሪው የወጣው ኃይል ከፊሉ ወደ ሥራው ሳይደርስ በማሳው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ሞተሪኖ 150 አምፔር ያህል እንደሚጠጣ ቢታሰብ፣ ይህን 1.5 ቮልት ለማስቀረት የሚበቃው እንቅፋት ከአንድ ኦም አንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ በዚያች መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ኃይል ግን 225 ዋት ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ኦም ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ሊያየው አይችልም። በድምፅ «ጢጥ» የሚለው የመስመር መፈተሻም አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ብቻ ያልተበጠሰችለትን ኬብል ጤነኛ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ብዙ ባለሙያ ኬብሉን በዚህ ድምፅ ፈትሾ ካጸደቀ በኋላ ሞተሪኖውን ወደ ማስፈታት የሚያልፈው ስለዚህ ነው። ጭነት ባለበት የሚደረገው ልኬት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥፋቱ ከተገኘም መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ብሎኑን ፈትቶ ብረቱን እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት መፈተግና ጥቂት ቅባት ቀብቶ መልሶ ማሰር ነው።

በባትሪው ምሰሶ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ትኩስ ውሃ ማፍሰስ ላዩን ያጸዳዋል፤ በምሰሶውና በመቆንጠጫው መካከል የገባው ግን መቆንጠጫው ካልተፈታ አይወጣም።

የፊት መብራት ሌላው ሰፊ መስክ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በምሽት የሚወርድ ሹፌር መብራቱ ደከመ ሲል የሚያገኘው የተለመደ ምክር ጠንካራ አምፖል አስገባ የሚል ነው። በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ ያለው ኤች 4 የሚባለው አምፖል በረጅሙ 60፣ በአጭሩ 55 ዋት ሲሆን፣ በመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ጠንካራው ዓይነት 100 እና 90 ዋት ይላል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በአንድነት 9 አምፔር ገደማ ይጠጣሉ፤ በማብሪያው ውስጥ ያረጀ ንክኪ አንድ አሥረኛ ኦም ቢይዝ ወደ 0.9 ቮልት ይቀንስባቸዋል፣ የክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚወርድ በዚህች ትንሽ ጉድለት ወደ ሩብ የሚጠጋ ብርሃን ይጠፋል። ሹፌሩ ያማረረው ይህን ነበር። ባለ 90 ዋቶቹ ሲገቡ ኮረንቲው ወደ 15 አምፔር ይወጣል፤ በዚያው ባረጀው ንክኪ ላይ የሚፈጠረውም ሙቀት ከ8.4 ዋት ገደማ ወደ 22 ዋት ተኩል ያድጋል፤ ይህም በመሪው ሥር ባለ ፕላስቲክ ማብሪያ ውስጥ የጋለ የስታኞ ማቅለጫ አስቀምጦ እንደመሄድ ነው። ማብሪያው ይቀልጣል፣ ቁልቁለቱ መካከልም መብራቱ ድርግም ይላል። ትክክለኛው መንገድ ሪሌ ማስገባት ነው፤ ሪሌ ማለት በማብሪያው በኩል የሚመጣ ትንሽ ኮረንቲ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣውን ትልቅ ኮረንቲ እንዲከፍትና እንዲዘጋ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሁለት ሪሌ፣ ፊውዝና ጥቂት ሜትር ወፍራም ሽቦ የፋብሪካውን 55 ዋት እንኳ እንደገና እንደ አዲስ ያበሩታል፤ ጠንካራው አምፖል አያስፈልግም፣ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያሳውራል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ቴፑን ወይም አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን መሆኑ በሰፊው የሚዘነጋ ነገር ነው። ቁጥሩ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ሳይቀልጥ ያሳልፋል፤ የሚቀልጠው ኮረንቲው ከዚህ መጠን በጉልህ ሲበልጥ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ባለ 10ውን በባለ 30 መተካት፣ ከዚያም አልፎ የመዳብ ክር ጠምዝዞ ማስገባት በየመንገዱ የሚደረግ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት አንዲት የመዳብ ክር 30 አምፔር ገደማ እስኪያልፍባት አትቀልጥም፤ ሁለትና ሦስት ሆና ስትጠመዘዝ ደግሞ ከእርሷ በፊት የሚቀልጠው የሽቦው ልባስ ይሆናል። ልባሱ የቀለጠ ሽቦ በጥቅሉ ውስጥ ጎረቤቶቹንም ስለሚያቀልጥ፣ አንድ የፍሬቻ ኮንታክት የነበረው ብልሽት፣ ማለትም አዎንታዊው ሽቦ ብረት ነክቶ ኮረንቲው ያለ ሥራ የሚፈስበት ሁኔታ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሙሉ ጥቅል ወደ መለወጥ፣ ሲከፋም መኪናውን ወደ ማቃጠል ይደርሳል። ሹፌር መንገድ ላይ ቀርቶ ቤተሰቡን ይዞ በጨለማ ከመቆም ክር ማስገባቱ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ የሚያስወቅሰው ያቺ ክር ከዓመት በኋላም እዚያው መገኘቷ ነው።

በኋላ የተጨመሩ ዕቃዎች፣ በዚህ ዳሰሳ ግምት፣ ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ የሚከብዱ ናቸው። አላርም፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ የጭጋግ መብራት፣ የስልክ መሙያና የመከታተያ ጂፒኤስ እያንዳንዳቸው ከነባሩ መስመር ላይ አንድ ቦታ ተቀጥለዋል፤ ቅጥያውም አብዛኛውን ጊዜ የሽቦውን ልባስ በጥርስ ወይም በምላጭ ልጦ፣ አዲሱን ሽቦ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ በመጠቅለል የተሠራ ነው። የናስትሮው ሙጫ በቆላ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ናስትሮውም ከጊዜ በኋላ ተፈትቶ ተንሸራትቶ ይገኛል። ከዚህ የባሰው ለቤት መብራት የሚሸጠውን ባለ አንድ ወፍራም ክር ሽቦ በመኪና ላይ መጠቀም ነው፤ የመኪና ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የሚገመደው ንዝረትን እንዲችል ሲሆን፣ ባለ አንድ ክሩ ግን እየታጠፈ ውስጡ ይሰበራል፣ ልባሱ ግን ደኅና ስለሚመስል ጥፋቱ ለወራት ተደብቆ ይኖራል። ቅጥያን በስታኞ ማጣበቅ ይሻላል ወይስ በቆንጣጭ መሣሪያ መቆንጠጥ የሚለው ክርክር በመላው ዓለም ያልተቋጨ ነው። ስታኞው የገባበት የሽቦ ክፍል ስለሚደርቅ በደረቀውና በለስላሳው ድንበር ላይ በንዝረት ይሰበራል የሚሉ ወገኖች ፋብሪካዎች ቆንጥጠው የሚያያይዙት ስለዚህ ነው ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ነገር ግን የፋብሪካው ቁንጠጣ በልኩ በተሠራ መሣሪያ የሚፈጸም ሲሆን በጋራዥ ያለው በፒንሳ የሚደረግ ነውና፣ ተገቢው መቆንጠጫ በሌለበት በደንብ የተጣበቀ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ የለበሰና እንዳይንቀጠቀጥ ከጥቅሉ ጋር የታሰረ የስታኞ ቅጥያ በፒንሳ ከተጨፈለቀው እጅግ ይሻላል። የቀለሙም ነገር ቀላል አይደለም፤ ቶዮታ ለማሳ ሽቦዎቹ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር መስመር ያለውን ቀለም ሲጠቀም፣ በኋላ የገባው ሽቦ ሁሉ ቀይ ወይም ጥቁር ብቻ ስለሚሆን የሚቀጥለው ጠጋኝ ሥዕላዊ መግለጫው በእጁ ቢኖር እንኳ ከመኪናው ጋር አይገጥምለትም።

እነዚህ ተጨማሪዎች መኪናው ቆሞ ሳለም ኮረንቲ ይጠጣሉ። ጤነኛ የቤት መኪና ተቆልፎ ሲቆም ከ50 ሚሊ አምፔር ያልበለጠ ይወስዳል፤ በዚህ መጠን ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ለመሆን ወደ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። በተበላሸ አላርም ወይም ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ በማይተኛ አምፕሊፋየር ምክንያት መጠኑ 300 ሚሊ አምፔር ቢደርስ ግን ያው ባትሪ በሦስት ቀን ግማሽ ይሆናል። ባለቤቱ ለለቅሶ ወይም ለሥራ ሰንብቶ ሲመለስ የሞተ ባትሪ ያገኛል፣ አዲስ ይገዛል፣ በሚቀጥለው ጉዞም ታሪኩ ይደገማል። ፍለጋው ቀላል ነው፤ በአሉታዊው ኬብልና በምሰሶው መካከል ቴስተሩን በአምፔር መለኪያ አስገብቶ፣ የመኪናው ኮምፒውተር እስኪተኛ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መያዝ። የትኛውም ፊውዝ ሲነቀል ካልወረደ፣ ተጠርጣሪው ያለ ፊውዝ ከባትሪው የተቀጠለው አዲስ ዕቃ ወይም ዳዮዱ የሚያፈስ ዲናሞ ነው።

ውሃና አይጥ ብዙ ቃል አይፈልጉም። ወንዝ ዳር ወይም በግፊት ውሃ ሞተር ማጠብ በሶኬቶቹ ውስጥ እርጥበት ትቶ ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ እህል የጫነና በግቢ ውስጥ ለሳምንት የቆመ መኪና ደግሞ ለአይጥ ሞቃት ቤት ነው።

የጠጋኙን እጅ የሚመለከተው ወቀሳ በከፊል የዘመን ጉዳይ ነው። ከአልተርኔተር በፊት ከነበረው ዘመን የተወረሰ አንድ ልማድ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል መንቀል፣ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው ማለት። ዲኤክስ በምትባለው የቀድሞ ኮሮላ ላይ ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ያልፍ ነበር፤ ኮምፒውተር ባለው እንደ ቪትዝ ባለ መኪና ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀል ዲናሞው የሚያወጣው ቮልት ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚዘል የሞተሩን ኮምፒውተር ወይም የዲናሞውን ዳዮዶች ሊገድል ይችላል። የዲናሞ ደኅንነት የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪው ምሰሶዎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ በመነበቡ ነው። ባትሪው ሳይፈታ በአካሉ ላይ ብየዳ መሥራትና ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ሲነሣ ቀይና ጥቁሩን አዘዋውሮ ማሰርም ከዚሁ ወገን የሚቆጠሩ ናቸው።

የመኪናው ዕድሜ ዋና ምክንያት ነው የሚለው አስተያየት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፖሊሲ ድጋፍ አግኝቷል ማለት ይቻላል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ በመጣሉ አሮጌ መኪና ማስገባት አዋጭነቱን አጥቷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የሁለቱ ውሳኔዎች ውጤት ግን በኢንስታሌሽን በኩል ሲታይ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ አዲስ የሚገባው እየቀነሰና እየተወደደ ሲሄድ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ይረዝማል፣ እየተጠጋገነም ይቆያል። የመርካቶው ሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪናዎች የወጣ ሶኬትና የፊውዝ ሣጥን የሚፈለግበት ቦታ ሆኖ መቀጠሉ ከዚህ የተለየ ምክንያት የለውም። ዕድሜ ብቻውንም ፍርድ አይሰጥም፤ ማንም ያልቆረጠው የሠላሳ ዓመት ኢንስታሌሽን በአላርም ከተበጣጠሰ የአሥር ዓመቱ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

አዲሶቹ መኪናዎች ችግሩን አዛወሩት እንጂ አላስቀሩትም። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ካን የተባለ አሠራር በመኪናው ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች በሁለት የተጠማዘዙ ቀጭን ሽቦዎች ላይ መልእክት እንዲለዋወጡ ያደርጋል፤ በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ ላይ 120 ኦም የሆኑ ሁለት መከልከያዎች ስላሉ፣ ኮረንቲው ተቋርጦ በመካከላቸው ሲለካ 60 ኦም ገደማ መነበብ አለበት። 120 ከተነበበ መስመሩ አንድ ቦታ ተበጥሷል ወይም አንዱ መከልከያ ጠፍቷል። ስካነር የሚባለው የኮምፒውተር መፈተሻ የጥፋት ቁጥር ቢያወጣም፣ ቁጥሩ የሚናገረው ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም፤ ማሳው የላላ ሴንሰር «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ይነበባል፣ አዲስ ሴንሰር ይገዛል፣ ቁጥሩም ተመልሶ ይመጣል። በብርቱካንማ ቀለም ኬብል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያስተላልፉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንኳ ኮምፒውተሮቻቸውን፣ የበር ቁልፋቸውንና መብራታቸውን የሚያስነሡት በትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ያ ባትሪ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። በብርቱካንማው ኬብል ላይ ያልሠለጠነ ሰው እጁን ሊያሳርፍ አይገባም፤ በ12 ቮልቱ በኩል ግን ስለ ማሳ፣ ስለ ፊውዝና ስለ ቅጥያ እስካሁን የተባለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

ከቴክኒኩ ባሻገር ያለው ችግር ምርመራ ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። ጠጋኙ የሚከፈለው ዕቃ ሲለውጥ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ለክቶ አንዲት ብሎን ያጠበቀ ባለሙያ ምን እንደሚያስከፍል አያውቅም፣ ባለቤቱም ለብሎን ማጥበቂያ ይህን ያህል አልከፍልም ይላል። በዚህ ስምምነት ውስጥ ባትሪና ዲናሞ መለወጥ ለሁለቱም ወገን የሚታይ ሥራ ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ መሥራታቸውን ያያል እንጂ ኮረንቲው በምን መንገድ እንደደረሰ አይጠይቅም። ለምርመራ ብቻ የተወሰነ ዋጋ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ዕቃ ቢለወጥም ባይለወጥም የሚከፈልበት ልማድ ቢገባ ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ ይልቅ የባለቤቶችን ወጪ ይቀንስ ነበር።

ይህ ልማድ እስኪመጣ ድረስ ልኬቱ የሚጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ለገዢ ነው። አሮጌ የቤት መኪና በደላላ በኩል ሲገዛ ሞተሩ ይሰማል፣ አካሉ በጣት ይንኳኳል፣ ጎማው ይታያል፤ ኢንስታሌሽኑን የሚያይ የለም። ቴስተር የያዘ ባለሙያ ግን ሞተሩ ሲጎተት በማሳው ላይ የሚቀረውን ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ የዲናሞውን ንባብ፣ ተቆልፎ ሲቆም የሚፈሰውን ሚሊ አምፔር በሩብ ሰዓት ለክቶ መንገር ይችላል፤ የፊውዝ ሣጥኑ ተከፍቶ ክር ወይም ከመለያው ጽሑፍ የሚበልጥ ፊውዝ ከተገኘ፣ ከመሪው ሥር ያለው ሽፋንም ተነሥቶ የናስትሮ ጥቅል ከታየ፣ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት። መኪናዋ ወደ ቆላው የምትመላለስ ከሆነች ድርድሩ ላይ ጠንከር ማለት ያዋጣል።